ቀን ቋጣሪው ድሬሰር

ጋሽ እንየው ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ደብረ ታቦር ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ የዱሮ ክሊኒካችን የጽዳት ሠራተኛ አገኘችኝ። ስለ ልጆቿ፣ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ዝናቡ ስታወራኝ ቆየችና ልትሄድ ስትል ዞር ብላ፣ "ድሬሰር እንየውም እኮ ዐረፉ" አለችኝ። ማን ቀበራቸው ብዬ ጠየቅኳት። የሰፈሩ እድር ነው አለች። ዘመድ አልነበረም ወይ ብላት፣ የትኛው ዘመድ ብላኝ ዘንቢሏን አንሥታ ሄደች። እኔም ቤቴ ገብቼ የገዛሁትን ሳላወጣ ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም። ለሳቸው ማልቀስ ይገባኝ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም።

ለዛሬ ልጆች ድሬሰር ሲባል ቁስል አጣቢ ብቻ ይመስላቸዋል። በእኛ ጊዜ፣ በደርግ ዘመን፣ ሐኪም በሌለበት አገር ሐኪሙ ድሬሰሩ ነበር። መርፌ ይወጋል፣ ጥርስ ይነቅላል፣ ያዋልዳል፣ የሞተውንም ሞቷል ብሎ ለዘመድ የሚናገር እሱ ነው። ክሊኒካችን ከንፋስ መውጫ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በምትርቅ አንዲት ገበያ ዳር የቆመች ባለ አራት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ናት። እኔ እዚያ የተቀጠርኩት የሰባ ሰባቱ ድርቅ ባለፈ በዓመቱ ነው። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ሦስት ወር ታይፕ ተምሬ፣ ጸሐፊም መዝገብ ቤትም ሆንኩ። የማላውቀው ያለ አይመስለኝም ነበር።

ጋሽ እንየው ያኔ አርባን አልፈዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጋዋናቸው ከጉልበታቸው በላይ የሚቀር ሰው ነበሩ። ገና በመጀመሪያው ቀኔ ያስገረመኝ ነገር ቢኖር ሕመምተኛ አቀባበላቸው ነው። አንድ ገበሬ ገባና ተቀመጠ። ምንህን ነው የሚያምህ የሚል ጥያቄ ስጠብቅ እሳቸው ከየት ነው የመጣኸው አሉት። ከወገዳ ወዲያ ነው አለ። ስንት ቀን ፈጀብህ አሉት። ሁለት ቀን አለ። ታመህ ስለሄድክ ነው ሁለት ቀን የሆነው ወይስ ለጤነኛም ሁለት ቀን ነው፣ የደከመች ሴት ብትሆንስ ስንት ቀን ይፈጅባታል፣ ወንዙ በየትኛው ወር ነው የሚሻገሩት ... ሰውዬው ግራ ገብቶት ሆዱን ይዞ ይመልሳል። ያን ሁሉ በካርድ ጀርባ ጽፈው ኪሳቸው ከከተቱ በኋላ፣ "በል እሺ፣ ሆድህ ነው?" አሉት።

ይኸን ለሁሉም ያደርጉ ነበር። ለነጋዴው፣ ለወታደሩ፣ ከሞጣ ዓባይን ተሻግሮ እስቴ ለሚነግደው ጨው ቸርቻሪ ሁሉ። የአገሩን መንገድ በሙሉ በቀን ለክተው የያዙ ሰው ነበሩ።

ሌላው ነገር ቀን መቆጠባቸው ነው። የዓመት ፈቃድ አይወጡም። ትኩሳት ይዟቸው በሁለት ሹራብ ተጠቅልለው መርፌ ሲወጉ አይቻለሁ። ሰው ቢሞት፣ ቀብሩ ለእሑድ ካልዋለ ወይም ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ካልሆነ አይሄዱም። እስቴ የነበሩት አጎታቸው የሞቱ ጊዜ እንኳ አልሄዱም። በእኛ አገር ቀብር መቅረት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ዘመዶቻቸው ተቀየሟቸው፣ ቤታቸውንም መርገጥ ተዉ። በገበያው ያወጡላቸው ስም ቀን ቋጣሪ የሚል ነበር። ሰው ገንዘብ ይቋጥራል፣ እሳቸው ቀን ይቋጥራሉ ብለው ይሥቁባቸዋል። እኔም ሥቄያለሁ።

ምክንያቱን የነገሩኝ በመጀመሪያው ዓመት ጳጉሜ ላይ ነው። የወር ደመወዝተኛ ለጳጉሜ እንደማይከፈለው የታወቀ ነው። ሌላው ሠራተኛ በዚህ ሲያጉረመርም እሳቸው የቢሮዬን በር ከፍተው ገቡና በርጩማ ስበው ከታይፑ ፊት ተቀመጡ። "ጳጉሜን መንግሥት አልከፈለባትም። ስለዚህ የኔ ናት። የኔን ጉዳይ የምጽፈው በሷ ነው" አሉኝ። ያጻፉኝ ደብዳቤ አጭር ነበር፦ የዓመቱን ሠላሳ ቀን ፈቃዴን በሥራ ብዛት ስላልወሰድኩ ለሚመጣው ዓመት ይተላለፍልኝ የሚል። ኃላፊያችን ሳያነቡ ፈረሙበት። ማኅተሙን እኔ መታሁ። ከዚያ፣ "ይቀመጣል አይደል፣ የሺ?" ብለው ጠየቁኝ። ይቀመጣል አልኳቸው። ደንቡን አንብቤ አልነበረም። ደብዳቤ ከተጻፈና ማኅተም ካለው የማይቀመጥ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ያን ቀን ሌላ ሕመምተኛ አልነበረምና ቁጭ ብለው አወሩኝ። ጥሩወርቅ የምትባል ታላቅ እኅት አላቸው። እታለም እያሉ ነው የሚጠሯት። እናታቸው በሕፃንነታቸው ስለሞተች አዝላ ያሳደገቻቸው፣ ትምህርት ቤት ያስገባቻቸው እሷ ናት። ስማዳ ውስጥ ባሏ ሞቶባት ብቻዋን ትኖር ነበር። በድርቁ ጊዜ እሷም እንደሌላው ወደ ድርቅ ተረጂዎች መጠለያ መጣች። ጋሽ እንየው በመጠለያው ተመድበው መንግሥት ለሰፈራ ወደ ሩቅ አገር የሚወስደውን ሰው ጤና ይመረምሩ ነበር። መሄድ የሚችለውን ጤነኛ ብለው ይጽፋሉ። የማይችለው እዚያው ይቀራል። እዚያ የሚቀረው ደግሞ በየቀኑ ይሞታል።

"ተሰልፋ መጣች። የዓይኗን ቆብ ገልጬ አየሁት፣ ደም የሚባል የለውም፣ ነጭ ነው። መሄድ አትችልም ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ብጽፍ እዚያው ልትሞትብኝ ነው። ጤነኛ ናት ብዬ ጻፍኩ።" ይኸን ሲሉ እጃቸውን እያዩ ነበር።

መኪናው ላይ ስትወጣ፣ በመጀመሪያው ፈቃዴ እመጣለሁ ብለው ቃል ገቡላት። ወለጋ እንደተወሰደች እንጂ የትኛው መንደር እንደሆነች አልታወቀም። መንደሮቹ ስም የላቸውም፣ ቁጥር ነው ያላቸው። ከመንደር መንደር ዞረው ለመፈለግ፣ ሲያገኟት ደግሞ ይዘዋት ለመመለስ ሠላሳ ቀን አይበቃም። ስለዚህ ያጠራቅማሉ። ይኸው ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳቸው መሣቅ ተውኩ። በመዝገቡ ላይ ከስማቸው ጎን ሠላሳ ብዬ በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩ። አንዳንዴ እየመጡ ያዩት ነበር፣ የተቀመጠ እህል እንደሚያይ ሰው።

በሁለተኛው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ አንድ የስማዳ ሰው እግሩ ቆስሎ መጣ። ጋሽ እንየው እንደ ልማዳቸው ከየት ነህ አሉት። ወደ በሩ ዞሮ አየ። ስንት ቀን ፈጀብህ ሲሉት እንባው መጣ። ከሰፈራ የጠፋ ሰው ነበር። ከወለጋ ተነሥቶ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም፣ ጎጃምን አቋርጦ በሞጣ በኩል እንደገና ዓባይን ተሻግሮ እስቴ፣ ከእስቴ ስማዳ። ከአራቱ ጓደኞቹ ሁለቱ መንገድ ቀርተዋል። ጋሽ እንየው ከሥሩ ተንበርክከው እግሩን እያጠቡ ጥሩወርቅ የምትባል ሴት ያውቅ እንደሆነ ጠየቁት። ይኸን ጥያቄ ከስማዳ ለመጣ ሁሉ ይጠይቁ ስለነበር እኔ ከመዝገቤ ቀና አላልኩም። ሰውዬው ግን እንዴታ አለ። ከኛው መንደር ናት አለ፣ ቁጥሩንም ነገራቸው።

"አብረን እንውጣ ብንላት እምቢኝ አለች፣ ጌታው። ወንድሜ በፈቃዱ እመጣለሁ ብሎኛል፣ እሱ መጥቶ ቢያጣኝስ ትላለች። የምን ፈቃድ እንደሆነ እንጃ። እኛማ የእግዜር ፈቃድ መስሎን ተውናት።"

ጋሽ እንየው የያዙትን እግር አልለቀቁም። አጥበው ጨረሱ፣ ጠቀለሉት፣ ለሦስት ቀን ውኃ አታስነካው አሉት። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጡ። ተከትያቸው ብወጣ መርፌ የምንቀቅልበት ምድጃ አጠገብ ቆመው ጋዋናቸውን አውልቀው እጥፍጥፍ አድርገው ይዘውት ነበር።

ይሂዱ አልኳቸው። ቦታዋ ታወቀ፣ የባለፈው ዓመትና የዘንድሮው ተደምሮ ስልሳ ቀን አለዎት፣ ነገ ይሂዱ አልኳቸው። ከኪሳቸው እነዚያን ካርዶች አወጡና አሳዩኝ። መሄጃው በመኪና ነው። መኪና መጠበቂያው፣ የይለፍ ወረቀቱ ሁሉ ተደምሮ ወደ ዐሥራ አምስት ቀን። መመለሻው ግን በእግር ነው፣ ለሰፋሪ የይለፍ ወረቀት የሚሰጥ የለምና። ጤነኛ ወንድ ሠላሳ አምስት ቀን ፈጅቶበታል። የሷን ጉልበት አውቀዋለሁ አሉ፣ አንድ ቀን ከሄደች አንድ ቀን ማረፍ አለባት። ስልሳ ቀን መንገድ ላይ ያልቃል። ፈቃዱ አልቆ ከቀሩ ከሥራ ይባረራሉ፣ ተባርረውስ ምን ሊያበሏት ነው? ዘጠና ቀን ከሆነ ግን ይበቃል፣ አምስት ቀንም ይተርፋል። ዓባይ ጎድሎ በእግር የሚሻገሩት ደግሞ ከኅዳር በኋላ ነው። የሚመጣው ዓመት ተሠርቶ ሲያልቅ ዘጠና ይሞላል፣ የሚነሡትም ከዚያ በኋላ ባለው ኅዳር ነው።

ሒሳቡ ስሕተት አልነበረበትም። ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ዛሬም ቁጭ ብዬ ሳስበው የሚያናድደኝ ልክ መሆኑ ነው። እሷ እዚያ ፈቃድ የሚባለውን ሳታውቀው ትጠብቃለች፣ እሳቸው እዚህ ፈቃድ ያጠራቅማሉ። እኔ ደግሞ በየጳጉሜው ታይፕ እመታለሁ።

ሁለተኛውን ደብዳቤ በጳጉሜ ጻፍን። ሦስተኛውንም በጳጉሜ ጻፍን። በሦስተኛው ጊዜ ጋሽ እንየው ከገበያ አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዘውልኝ መጡ። ከሳቸው ስጦታ ስቀበል የመጀመሪያዬም የመጨረሻዬም ያ ነው። አዲስ የጎማ ጫማ ሁለት ጥንድ ገዝተው ነበር፣ አንዱ የሴት ነው። መንገድ ላይ ስለምትበላው፣ በየት በየት ስለሚያሳድሯት አወሩኝ። ብዙ ሲያወሩ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። ጥሩ ቀን ነበር፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

መስከረም እንደጠባ የዘጠና ቀን መጠየቂያውን አስገቡ። ኃላፊያችን እንዲህ የበዛ ፈቃድ ብቻዬን አልፈቅድም ብለው ወደ አውራጃው ላኩት። በወሩ መጨረሻ ከሠራተኛ አስተዳደር አንድ ሰው መጣ። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ክፋት የለበትም። መዝገቡንና ሦስቱን ደብዳቤ ጠየቀኝ። ቀናቸውን አየና፣ "ሁሉም ጳጉሜ ናቸው?" አለኝ። አዎ፣ በዓመቱ መጨረሻ ነው የምንጽፈው አልኩት። ኩራትም ቢጤ ሳይኖረኝ አልቀረም።

የመንግሥት ዓመት የሚያልቀው በጳጉሜ ሳይሆን ሰኔ ሠላሳ መሆኑን ነገረኝ። በጀት ከሐምሌ እስከ ሰኔ እንደሚባል እኔም በሬዲዮ እሰማ ነበር። የገንዘብ ቤት ነገር እንጂ የሰው ፈቃድ በሱ የሚቆጠር አይመስለኝም ነበር። ዓመት ማለት ለእኔ እንቁጣጣሽ ነው። ለጋሽ እንየውም እንደዚያው። ማስተላለፊያው ዓመቱ ሳይዘጋ በሰኔ መጻፍ ነበረበት። የእኛ ሦስት ደብዳቤ ሦስቱም ዓመቱ ከሞተ ከሁለት ወር በላይ ቆይተው የተጻፉ ናቸው።

ጋሽ እንየውን አስጠራና በፊቴ ነገራቸው። የሦስቱ ዓመት ፈቃድ ተቃጥሏል፣ ያለዎት ከሐምሌ ወዲህ ያለው የአዲሱ ዓመት ሠላሳ ቀን ነው አላቸው። ጋሽ እንየው ተቃጥሏል ማለት ምን ማለት ነው ብለው ጠየቁት። የለም ማለት ነው አለ።

"እኔ ግን ሠርቼባቸዋለሁ" አሉ።

ሠርተውባቸዋል፣ ደመወዝዎንም ወስደዋል አላቸው።

"ደመወዙንስ ወሰድኩ። ቀኑ የት ሄደ?"

ሰውዬው መዝገቡን ወደኔ መለሰው። ጋሽ እንየው ወደኔ ቢዞሩና ይቀመጣል አላልሽኝም ወይ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። አላሉኝም። እንዲያውም ሲወጡ፣ አንቺም አላወቅሽ፣ እኔም አላወቅኩ አሉኝ። ይቅር ካለኝ ሰው ሁሉ እንደሳቸው ያሳፈረኝ የለም።

ሠላሳውን ቀን ወስደው በጥቅምት ሄዱ። ይዘዋት መምጣት እንደማይችሉ ያውቃሉ፣ ቢያንስ ልያት አሉ። የሴቱን ጫማ በፌስታል ይዘው ነበር። በሃያ አራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ታይፕ ስመታ በሩ ላይ ቆሙ። ብቻቸውን ናቸው። ገብተው በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

"በግንቦት ነው" አሉ። አልገባኝም። "በግንቦት ነው የሞተች።"

ወባ ነው። መቃብሯን አሳዩኝ ቢሉ በዚያ ሰሞን የሞቱት ብዙ ስለነበሩ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። ጎረቤቷ የነበረች ሴት፣ መኪና በመጣ ቁጥር ወደ መንገዱ ትወጣ ነበር ብላ ነገረቻቸው። ጫማውን ለዚያች ሴት ሰጥተው ተመለሱ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እሳቸው ይኸን ሲያወሩ እኔ በልቤ እቆጥር ነበር። ግንቦት ከሰኔ በፊት ነው። ደብዳቤዎቹን ሁሉ በሰኔ ጽፈናቸው ቢሆን እንኳ እሳቸው የሚነሡት በኅዳር ነበር፣ እሷ ደግሞ በግንቦት ሞታለች። የገደላት የእኔ ስሕተት አይደለም ማለት ነው። ይኸን ሳውቅ ደረቴ ቀለል አለኝ። ሰው እኅቱን ቀብሮ እንኳ ሳይሆን መቃብሯን አጥቶ ፊቴ ተቀምጦ እኔ ቀለለኝ። ለሳቸው ማልቀስ ይገባኛል ወይ ያልኩት ለዚህ ነው።

እሳቸውም ያንኑ ሒሳብ ሠርተው ኖሯል። መንገዱን ሙሉ ሌላ ነገር አልሠሩም መሰለኝ። የእግር ቁስለኛው በመጣ ጊዜ እኅታቸው በሕይወት ነበረች፣ እሳቸውም በቆጠራችን ስልሳ ቀን ነበራቸው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመትም በሕይወት ነበረች።

"አልተቃጠለብኝም፣ የሺ" አሉኝ። "እሷ ስትሞት ቀኑ በእጄ ነበር።"

እግዜር ያጽናዎት አልኩ። ተነሡና ጋዋናቸውን ከመስቀያው አወረዱ። ሠላሳው ቀን አልሞላም፣ ገብተው ይረፉ አልኳቸው። ጋዋናቸውን እየቆለፉ፣ "ስድስት ቀን ተርፎኛል፣ መዝግቢልኝ" አሉ። ከዚያ ወጥተው የተሰለፈውን ሕመምተኛ ማየት ጀመሩ። ከየት ነህ፣ ስንት ቀን ፈጀብህ የሚለውን ግን ከዚያ ቀን በኋላ ማንንም ሲጠይቁ አልሰማሁም። ቀጥታ ምንህን ነው ይላሉ። ሕመምተኛው ወደደው፣ ድሬሰሩ ተሻላቸው ይባል ነበር።

ሰኔ ገባ። በሰኔ በመጀመሪያው ሳምንት በርጩማውን ስበው ከታይፑ ፊት ተቀመጡና፣ ጊዜው ሳያልፍ ስድስቱን ቀን እናስተላልፍ አሉኝ። ከአውራጃው አዲስ የታተመ ቅጽ መጥቶልን ነበር። ስማቸውን፣ ሥራቸውን፣ የቀኑን ብዛት መታሁ። ከሥር አንድ መስመር አለ፣ ፈቃዱ የሚፈለግበት ምክንያት ይላል። ምን ልጻፍ አልኳቸው። መስመሩን አዩትና ምንም አትጻፊ አሉ። ምክንያት የሌለው አይተላለፍም፣ ይቃጠላል አልኳቸው። አሁን ደንቡን አንብቤ ነበር።

ሌላው ሠራተኛ ሁሉ የሚያጽፈው አንድ ነገር ነው፣ እጄም ለምዶታል። ቤተሰብ ለመጠየቅ ብዬ መታሁና ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠኋቸው። አነበቡት። እንደገና አነበቡት። ከዚያ እስክሪብቶ ስጪኝ አሉኝና ፈረሙ።